«ከጅማ አርባ ምንጭ 45 ደቂቃ» የሚለው ድረ ገጽ

የአውሮፕላን ርቀትና የበረራ ሰዓት እናሰላለን ከሚሉት ድረ ገጾች አንዱን አለቃዬ አብዝቶ ይወደዋል። እኔ የሆስፒታል መሣሪያ ጠጋኝ ነኝ፤ መቀመጫዬ ጅማ ነው፣ የእሱ አዲስ አበባ። አርባ ምንጭ የላቦራቶሪ ማሽን ቆመ ሲባል ሁለቱን ከተሞች ያስገባል፣ ካርታው ላይ ቀጭን መስመር ይሰመራል፣ የእኔ ስልክ ይጮኻል።

«200 ኪሎ ሜትር፣ 45 ደቂቃ ይላል እኮ! ጠዋት ሄደህ ማታ ቤትህ ትገባለህ።»

«በየትኛው አውሮፕላን፣ ጋሼ?»

የሚገባውን ልስጠው፤ ርቀቱ ልክ ነው። ከአባ ጅፋር አየር ማረፊያ ተነስቶ ዳውሮን አቋርጦ፣ ኦሞን ተሻግሮ፣ በጋሞ ተራሮች በኩል አርባ ምንጭ የሚያደርስ ቀጥ ያለ መስመር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገጹ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል፤ ትንንሾቹን ማረፊያዎች ሳይቀር ያውቃል። ጂንካን ስጽፍለት እንኳ አልተደናገረም።

ጉዱ ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። የተለያዩ ከተሞችን እያስገባሁ ሒሳቡን ደረስኩበት፦ ርቀቱን ለ800 ያካፍላል፣ ለመነሻና ለማረፊያ 30 ደቂቃ ይደምራል፣ አለቀ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የጄት ፍጥነት ነው። ወደ ክልል የምንመላለስበት ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ቢበዛ 670 ገደማ ቢሄድ ነው፤ በ200 ኪሎ ሜትር ውስጥማ ገና ከፍታው ላይ ሳይደላደል መውረድ ይጀምራል። ይሁን፣ ይህ የደቂቃዎች ልዩነት ነው።

የማልምረው በዚያ መስመር የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር ግድ ስለማይሰጠው ነው። የእኔ ትኬት ሁልጊዜ በቦሌ ይዞራል። ከጅማ ቦሌ 260፣ ከቦሌ አርባ ምንጭ 350፣ በድምሩ 610 ኪሎ ሜትር፤ ድረ ገጹ ካለው ሦስት እጥፍ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ! በመሃሉ የአገር ውስጥ ተርሚናል ውስጥ የመሣሪያ ሻንጣዬን ታቅፌ የምቀመጥበት ሰዓት አለ፤ የሁለቱ በረራዎች ሰዓት ካልገጠመ ደግሞ አዳር። አንድ ጊዜ ፋይናንስ ክፍል የድረ ገጹን ገጽ አትመው ከአበል መጠየቂያዬ ጋር አያይዘው መለሱልኝ። «የ45 ደቂቃ መንገድ ነው፣ አዳሩ ከየት መጣ?» አሉኝ እትዬ። ካርታው ላይ ያለውን መስመር በእስክሪብቶ አክብበውታል።

በመኪናስ? በጭዳና በተርጫ ወደ ሶዶ ወርዶ አርባ ምንጭ መግባት ይቻላል። ጠመዝማዛ ነው፤ ግን ከባድ ዕቃ ስይዝ እሱን እመርጣለሁ። አውሮፕላኑ የሚበልጠው በአንድ ነገር ነው፦ ሲያርፍ የአባያን ቀይ ውሃ ከላይ ያሳያል።

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ግምቱ አያሳፍርም። ቦሌ–አርባ ምንጭ 56 ደቂቃ ገደማ ይላል፣ እውነቱም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ከክልል ወደ ክልል የምትሄዱ ግን ሁለት ጊዜ አስገቡት፦ መጀመሪያ እስከ ቦሌ፣ ቀጥሎ ከቦሌ። የቦሌውን ቆይታ ራሳችሁ ደምሩበት።

ከአምስት ኮከብ ሁለት ሰጥቻለሁ፤ ሁለቱም ለርቀቱ ናቸው። አለቃዬ አምስት ሰጥቶታል።