ድንች ቤት ውስጥ፦ በባልዲ ወይስ በጆንያ?

ድንች ቤት ውስጥ ለማብቀል ባልዲ የሚመርጥ ሰው ብዙ ነው። ንጹሕ ነው፣ ከሥሩ ሰፋ ያለ ትሪ ካደረጋችሁለት ወለሉን አያበላሽም። እርጥበትም ይይዛል፣ ጣጣውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ነፋስና ፀሐይ እንደ ውጭ ስለማያገኝ አፈሩ ላዩ ደርቆ ታቹ ጭቃ ይሆናል፣ እናንተ ላዩን አይታችሁ ውሃ ትጨምራላችሁ፣ ድንቹ ከታች ቀስ እያለ ይበሰብሳል። ስለዚህ ታቹን ብሱት። ከማጠጣታችሁ በፊትም ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከተት አድርጋችሁ እዩ።

ጆንያ ይተነፍሳል። ትርፍ ውሃ በጎኑ ይወጣል (ምንጣፍ ያለበት ክፍል ከሆነ ግን ይቅርባችሁ)። ደስ የሚለኝ አፉ ነው፦ መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ ትጠቀልሉታላችሁ፣ ግንዱ ሲያድግ አፈር እየጨመራችሁ ትዘረጉታላችሁ፣ ቡቃያው ሁልጊዜ ብርሃን ያገኛል። ባልዲ ውስጥ ግን ግድግዳው ስለሚጋርደው ብርሃን ፍለጋ ቀጥኖ ይመዘዛል። የጆንያ መጥፎ ጎኑ ቶሎ መድረቁ ነው። ሳሳ ያለ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ያሳልፍና ዳር ዳር ያሉት ድንቾች አረንጓዴ ይሆናሉ፣ እነዚያን አትብሏቸው፣ ሶላኒን የሚባል መርዝ ይኖራቸዋል።

መስኮቱ ደካማ ከሆነ ሁለቱም አያዋጡም፣ መብራት ያስፈልጋል። ሙቀትም እንደዚሁ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይስማማዋል፣ ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

እኔ ጆንያ እላለሁ፣ ወፈር ያለውን። ውሃ ማጠጣት የምትረሱ ከሆነ ግን ባልዲው ይሻላችኋል።