ክሪስማስ ካክተስ፦ ውሻ ላለበት ቤት የሚሆን ተክል ነውን?

ክሪስማስ ካክተስ ተብሎ የሚሸጠውን የቤት ውስጥ ተክል የገዛሁት ያገኘውን ሁሉ የሚያኝክ ቡችላ በማሳድግበት ወቅት ስለነበር፣ ከአበባው ውበት ይልቅ ያሳሰበኝ ውሻው ቢበላው ምን ይሆናል የሚለው ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ይህን ተክል ውሻ ላለው ሰው በሙሉ ልብ እመክራለሁ፤ «ካክተስ» የሚል ወረቀት ብቻ ተለጥፎባቸው ከጎኑ የሚደረደሩትን ግን በጅምላ አልመክርም።

የተክሉ መገኛ በደቡብ ምሥራቅ ብራዚል ያለው እርጥበታማና ተራራማ ደን ነው፤ እዚያ የሚበቅለው በዛፍ ቅርንጫፍና በዓለት ላይ በመሆኑ የበረሃ ዘመዶቹ ያላቸው ጠንካራ እሾህ የለውም። እርስ በርሱ የተቀጣጠለው ጠፍጣፋ ግንዱ በቀላሉ ስለሚገነጠል፣ ቡችላዬ ወለል ላይ የወደቀ ቁራጭ አንሥቶ ሲያላምጥ ደረስሁበት። ከአፉ ሳወጣው እኩሌታው የለም፤ በቀረው ላይ የጥርሱ ምልክት ይታያል፤ ከተነከሰበት የሚወጣውም ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስከታተለው አደርሁ፤ ምንም አልሆነም። በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለመከላከል የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበርም ይህን ተክል ለውሻም ለድመትም መርዛማ ካልሆኑት ጋር መድቦታል። አብዝቶ የበላ ውሻ ሊያስመልሰው ወይም ሊያስቀምጠው ይችላል፤ አፈሩ ውስጥ ያለው ማዳበሪያም ከተክሉ ይልቅ ሊያሳስብ ይገባል።

ቅሬታዬ በሁለተኛው ግዢዬ ላይ ነው። ከዚያው መደብር «ካክተስ» ተብሎ የተሰጠኝን፣ እርሳስ የመሰሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ያሉትን ተክል ጫፉን ስቆርጠው ነጭ ወተት ተንጠባጠበ። ቅንጭብ ነበር። ካክተስን ቁልቋል ብሎ መተርጎም በአማርኛ የተለመደ ቢሆንም፣ ቁልቋልም ቅንጭብም ከዩፎርቢያ ወገን ናቸው እንጂ ካክተስ አይደሉም፤ ወተታቸው የውሻን አፍ አቃጥሎ ልጋጉን ያዝረበርበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ውስጥ ከገባ ደግሞ በብርቱ ይጎዳዋል። እንዲህ ያለውን ተክል በዚህ ስም መሸጥ ቀላል ስሕተት ነው ብዬ ለማለፍ አልቻልሁም። ገዢው ሳይቆርጥ ሊለየው ቢፈልግ እሾሁ የሚነሣበትን ቦታ ቀርቦ ይመልከት፦ እውነተኛ ካክተስ እሾሁን የሚያወጣው ጸጉር ካለባት ትንሽ ጉብታ ላይ ሲሆን፣ ዩፎርቢያ ይህች ጉብታ የለችውም።

መርዝ የለውም ማለት ግን አይጎዳም ማለት አይደለም። የጥንቸል ጆሮ የሚመስለው፣ ወርቃማ ነጠብጣብ ያለበት ካክተስ መርዛማ ባይሆንም፣ ያ ለስላሳ የሚመስል ነጠብጣብ ጫፋቸው ወደኋላ የታጠፈ፣ እንደ ጸጉር የቀጠኑ እሾሆች ስብስብ ነው። ውሻው አንድ ጊዜ በአፍንጫው ቢነካው በከንፈሩና በምላሱ ላይ በብዛት ይሰኩበታል፤ ለዓይን ስለማይታዩም በወረንጦ አንድ በአንድ መልቀም እጅግ አድካሚ ነው። ይህን ዓይነቱን ካክተስ ውሻ ባለበት ቤት ከፍ አድርጎ መስቀል እንኳ አይበቃኝም፤ ባይገባ ይሻላል።

ክሪስማስ ካክተሱ አሁን መስኮት ሥር፣ ቡችላው ከሚተኛበት ሁለት እርምጃ ርቆ ይገኛል። ቅንጭቡን በጓንት ይዤ ለመደብሩ መለስሁ፤ ከመመለሴ በፊት ግን ወተቱ የነካውን ወለል አጥቤ፣ የእንስሳት ሐኪም ቢጠይቀኝ የማሳየው ፎቶግራፍ አነሣሁት።