የቻንስል ጥገና ዕዳ፦ ፍተሻ ይሻላል፣ ኢንሹራንስ ወይስ ሁለቱም ይቅር?

እንግሊዝ ወይም ዌልስ ውስጥ ቤት ለመግዛት ሶሊሲተር (የቤት ግዢውን የሚያስፈጽም ጠበቃ) ስትይዙ፣ ከሚልክላችሁ የወጪ ዝርዝር ውስጥ «ቻንስል ሰርች» (ፍተሻ) ወይም «ቻንስል ኢንደምኒቲ» (ኢንሹራንስ) የምትል መስመር ትኖር ይሆናል። ሁለቱም ቤቱ የቤተ ክርስቲያን ጥገና ወጪ የመክፈል ግዴታ ይኖርበት ይሆን ለሚለው ስጋት ናቸው። ሂሳቧ ትንሽ ስለሆነች አብዛኛው ሰው ምን እንደሆነች ሳይጠይቅ ይከፍላታል። አንዳንዴ መክፈሉ ልክ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ያለ ጥቅም ይሄዳል።

ቻንስል በጥንታዊ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቅ በኩል መንበሩ ያለበት ክፍል ነው፤ በእኛ አሠራር ከመቅደሱ ጋር ይቀራረባል። በድሮው ሥርዓት ሕዝቡ የሚቆምበትን ክፍል ምእመኑ ሲጠግን፣ ቻንስሉን የሚጠግነው የአጥቢያውን መሬትና አሥራት የሚበላው ሬክተር ነበር። ሄንሪ 8ኛ በ1530ዎቹ ገዳማትን ሲዘጋ በሬክተርነት ይዘውት የነበረው መሬት ወደ ግለሰቦች ዞረ፤ የጥገናው ግዴታም አብሮ ሄደ። መሬቱ በኋላ ተሸንሽኖ ቤት ቢሠራበትም ግዴታው በዚያ ብቻ አይጠፋም። ባለቤቱ ኦርቶዶክስ ይሁን ሙስሊም፣ ቤተ ክርስቲያኑን አይቶትም ይሁን አይቶት የማያውቅ፣ ለውጥ የለውም። ቤቱም የግድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ መሆን የለበትም።

ነገሩ የወረቀት ጣጣ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው የአስተን ካንትሎው ጉዳይ ነው። በዎሪክሻየር ያለች እርሻ ባለቤቶች በወቅቱ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት እስከነበረው ጌቶች ምክር ቤት ተሟግተው በ2003 ተረቱ፤ በኋላ የተተመነባቸው የጥገና ዕዳ ከ186,000 ፓውንድ በላይ ነበር፣ የክርክሩ ወጪ ሳይቆጠር። ዕዳው በየመሬቱ ተከፋፍሎ ካልተመደበ ሰበካ ጉባኤው ከባለመሬቶቹ አንዱን ብቻ መርጦ ሙሉውን ሊጠይቅ ይችላል። ከሌሎቹ ድርሻቸውን ማስመለስ የተከሳሹ ራስ ምታት ነው።

መለያው ቀን ጥቅምት ወር ላይ ነው

በፈረንጆች ኦክቶበር 13 ቀን 2013 ሕጉ ተለወጠ። ከዚያ በፊት ዕዳው በላንድ ሬጂስትሪ (የመሬት ባለቤትነት መዝጋቢው መሥሪያ ቤት) መዝገብ ላይ ባይጻፍም ገዢውን ይይዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ ዕዳው እንዳለ የሚገልጽ ማስታወሻ በመዝገቡ ላይ ካላስመዘገበ፣ ዋጋ ከፍሎ የገዛና ስሙን ያስመዘገበ ሰው ከዕዳው ነጻ ይሆናል። እዚህ ላይ «ዋጋ ከፍሎ» የሚለው ነገር ወሳኝ ነው። በውርስ ወይም ያለ ክፍያ በስጦታ የተላለፈ ቤት አይጸዳም፤ ሞርጌጅ መቀየርም አያጸዳም። አባት በ1998 የገዛውን ቤት ለልጁ በነጻ ቢያዞርለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም ማስታወሻ ሊያስመዘግብበት ይችላል።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

መጀመሪያ የመዝገቡን ቅጂ ማየት ነው። ሶሊሲተሩ የግድ ስለሚያወጣው ተጨማሪ ወጪ የለውም። የሚነበበው «ሲ» የተባለው፣ ዕዳና እገዳ የሚጻፍበት ክፍል ነው። ቤቱ ከኦክቶበር 2013 በኋላ በገበያ ዋጋ ተሽጦ ከተመዘገበና እዚያ ላይ ስለ ቻንስል ምንም ከሌለ፣ እኛ ብንሆን ከዚህ በላይ አንከፍልም። ያልተመዘገበ መሬት ከሆነ ግን ቤተ ክርስቲያኑ የመጀመሪያውን ምዝገባ የሚመለከት ማስጠንቀቂያ አስገብቶ እንደሆነ በካርታ ፍተሻ ይጣራል።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ፍተሻ ነው፤ ከ20 እስከ 40 ፓውንድ ገደማ ይፈጃል። ደካማ ጎኑ የሚናገረው ስለ አጥቢያው እንጂ ስለ ቤታችሁ አለመሆኑ ነው። «ቤቱ ዕዳ ሊኖርበት በሚችል አጥቢያ ውስጥ ነው» የሚል መልስ መጣ ማለት የእናንተ ቁራሽ መሬት ተጠያቂ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሰው ይህን መልስ አይቶ ይደነግጣል፣ ከዚያ ያው ኢንሹራንሱን ይገዛል፤ ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ያለ ፍተሻ በቀጥታ ኢንሹራንስ መግዛት ነው። አረቦኑ አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል ሲሆን፣ ለተራ መኖሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ቤት የሚቆጠር ፓውንድ ነው። ቤቱ ጥርጣሬ ውስጥ ከሆነ ከፍተሻው የተሻለ ምርጫ ይህ ነው፤ ፍተሻ ይነግራል እንጂ አይከፍልም። ፖሊሲው (የኢንሹራንስ ውሉ) ግን ዕዳውን ከመሬቱ ላይ አያነሳውም፣ ሲጠየቅ ይከፍላል እንጂ። ማስታወሻው አስቀድሞ መዝገብ ላይ ካለም ተራው ፖሊሲ አይሠራም። ያኔ የዋጋ ቅናሽ መደራደር ወይም ቤቱን መተው ይሻላል።

በኪው የሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄዶ የ1936ቱን የአሥራት ሕግ ተከትሎ የተዘጋጁትን መዝገቦች ማገላበጥም ይቻላል። ለሰፊ እርሻ ወይም ለግንባታ መሬት ያዋጣል፤ ለአንድ ፍላት ድካም ነው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው

ትልቁ ስህተት «ለማጣራት» ብሎ ለቄሱ ወይም ለሰበካ ጉባኤው ስልክ መደወል ነው። መድን ሰጪዎች ማንም ቤተ ክርስቲያኑን እንዳላነቃ አድርገው ነው ዋጋ የሚሰጡት፤ ከደወላችሁ ፖሊሲ ላታገኙ፣ ያላችሁም ሊፈርስ ይችላል። ፖሊሲ መያዛችሁንም ለሦስተኛ ወገን አትንገሩ፤ ብዙዎቹ ውሎች ይከለክላሉ። ፍተሻ አድርጋችሁ መልስ ካላችሁ ደግሞ ሳትደብቁ ለመድን ሰጪው ማሳየት ግዴታ ነው፤ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል።

ሌላው ክፍተት ቁልፍ ከተረከባችሁ በኋላ ስማችሁ እስኪመዘገብ ያለው ጊዜ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በመሃል ማስታወሻ ሊያስመዘግብ ይችላል። ሶሊሲተራችሁ ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት «ኦኤስ 1» የሚባለውን የቅድሚያ ፍተሻ ካደረገ 30 የሥራ ቀን ጥበቃ ታገኛላችሁ፤ ማመልከቻው በዚያ ውስጥ መግባት አለበት። ከ2013ቱ ለውጥ በኋላም ሕጉ ክፍተት አለው የሚሉ ጠበቆች አሉ፣ የሕግ ኮሚሽኑም ጉዳዩን ይዞታል። አንዳንድ አበዳሪ ባንኮች መዝገቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ፖሊሲ የሚጠይቁት ምናልባት ለዚህ ይሆናል። ባንኩ ፖሊሲ ይገዛ ካለ መከራከር አያዋጣም፤ ርካሹን ገዝቶ ማለፍ ነው።

ፖሊሲ ስታወዳድሩ ከአረቦኑ በፊት ሦስት ነገር እዩ። ሽፋኑ ቢያንስ የቤቱን ዋጋ ያህል ይሁን፣ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ ከሆነ ደግሞ ይመረጣል። ዘመኑ 25 ወይም 35 ዓመት ነው ወይስ ያለ ገደብ? በጥቂት ፓውንድ ልዩነት ያለ ገደብ የሚሰጥ ካለ እሱን ያዙ። እናንተን ብቻ ሳይሆን ባንኩን፣ ወራሾቻችሁንና ቀጣዩን ገዢ ይሸፍን። ቤቱን ከፋፍሎ የማከራየት ወይም ሱቅ የማድረግ ሐሳብ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ተናገሩ፤ የመኖሪያ ቤት ፖሊሲ የአጠቃቀም ለውጥን ላይሸፍን ይችላል።