በደብረ ማርቆስ ገበያ ያለው የኮሶ መሸጫ፦ አበባው የተመረጠ፣ ስፍሩ ያልተመዘነ

በደብረ ማርቆስ ገበያ፣ ከቅመም ተራው አጠገብ፣ አንዲት እናት ኮሶ፣ እንቆቆ፣ መተሬና እንዶድ ይሸጣሉ። ኮሶ ፈልጌ ሁለት ቅዳሜ ስለ ተመላለስኩ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚመሰገነው የዕቃው ጥራት ነው። ለመድኃኒት የሚፈለገው የሴቴው ዛፍ ቀይ አበባ ሲሆን፣ እሳቸው የወንዴውን ሳይቀላቅሉ፣ እንጨቱንና ቅጠሉን ለቅመው አውጥተው፣ በንጹሕ ሸማ ሸፍነው አስቀምጠውታል። አበባው ከጮቄ ግርጌ የመጣ የዘንድሮ ለቀማ መሆኑንም ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ፤ ኮሶ በቆየ ቁጥር ኃይሉ እየደከመ ስለሚሄድ ይህ ለገዢ ትልቅ ነገር ነው። «ለነፍሰ ጡር ከሆነ ግን አልሸጥልህም፣ ልጄ» ማለታቸውን ከሁሉ አብልጬ ወደድኩላቸው።

ቅሬታዬ ስፍሩ ላይ ነው። የኮሶን ትል የሚጎዳው በአበባው ውስጥ ያለው ኮሶቶክሲን የተባለው ውሕድና መሰሎቹ ናቸው፤ እነዚሁ ውሕዶች መጠናቸው ሲያልፍ ጠጪውንም ይጎዳሉ፤ ከልክ ያለፈ ኮሶ የዓይን ብርሃንን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል። እሳቸው ግን የሚሸጡት በእፍኝ ነው። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጎረቤታቸው የቅመም ነጋዴ ሚዛን ተውሰን ሁለት እፍኛቸውን ብንመዝን አንዱ 18፣ ሌላው 27 ግራም ሆነ፤ እሳቸውም ከእኔ ይልቅ ደነገጡ።

ሌላው ያሳሰበኝ የእንቆቆና የእንዶድ ፍሬ ጎን ለጎን፣ ስም ሳይጻፍባቸው መቀመጣቸው ነው። እንቆቆ ኤምቤሊን የተባለ ውሕድ ያለበትና ለትል ተብሎ የሚጠጣ ፍሬ ነው፤ እንዶድ ግን የልብስ ማጠቢያ ነው፤ ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያገኙትም በዚሁ ፍሬ ውስጥ ባለው ሳፖኒን በተባለ ውሕድ ምክንያት ነው። አንድ ሕፃን ተልኮ ቢመጣና ቢሳሳት ማን ይለየዋል?

ለልጆቼ ከጤና ጣቢያ በክብደታቸው የተመጠነ ፕራዚኳንቴል የተባለ የትል መድኃኒት አስወስጃለሁ። ኮሶ ለሚፈልግ አዋቂ ግን ከእሳቸው የተሻለ አበባ በገበያው አላየሁም፤ ስሄድ ሚዛኑ ገና ከፊታቸው ነበር፣ ለእንዶዱም ሌላ ጥግ እየፈለጉለት ነበር።