ጂፒኤስ ወይስ ጋሊሊዮ? ለጣና ጀልባዎች የቱ ይሻላል?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚሄዱ ጀልባዎችን በካርታ የሚያሳይ መተግበሪያ እየሠራሁ ነው።

ጂፒኤስም ጋሊሊዮም በሳተላይት አማካኝነት ያለንበትን ቦታ የሚያሳውቁ ሥርዓቶች ናቸው። ጂፒኤስ የአሜሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በሙሉ አቅሙ ይሠራል። የማይቀበለው ስልክ የለም ማለት ይቻላል። ሐይቁ መሀል ሰማዩ ክፍት ስለሆነ ብቻውንም ይበቃል።

ጋሊሊዮ የአውሮፓ ኅብረት ነው፤ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። እኔን የሳበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ባሕር ዳር ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ ቅርብ ናት። ከላያችን ያለው አዮኖስፌር (በኤሌክትሪክ የተሞሉ ቅንጣቶች ያሉበት የላይኛው የከባቢ አየር ክፍል)፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ይረበሻል። ሲግናሉን ያዘገየዋል፤ አንዳንዴም ያቆራርጠዋል። በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበል መሣሪያ መዘግየቱን አስልቶ አብዛኛውን ያስወግደዋል (መቆራረጡን ግን አይፈታውም)። የጋሊሊዮ ሳተላይቶች ኢ1 እና ኢ5ኤ የሚባሉትን ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ለሁሉም ክፍት አድርገው ይልካሉ። ከጂፒኤስ ሳተላይቶች ግን የኢ5ኤ አቻ የሆነውን ኤል5ን የሚልኩት አዲሶቹ ብቻ ናቸው።

ዘጌ ጫካ ውስጥ ደግሞ ዛፉ ሰማዩን ይሸፍናል። እዚያ የሚታየው ሳተላይት በበዛ ቁጥር ይሻላል። ደግነቱ የጂፒኤስ ኤል1 እና የጋሊሊዮ ኢ1 ማዕከላዊ ፍሪኩዌንሲያቸው አንድ ነው፤ 1575.42 ሜጋኸርትዝ። አንድ መሣሪያ ሁለቱንም በቀላሉ ይቀበላል። ስለዚህ ሁለቱንም ሥርዓት የሚቀበል ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ ነው የምገዛው። በጀት ካጠረኝ ጂፒኤስን አልለቅም።