በ«አካታች ቅጥር» ስም የሚሸጥ የምልመላ ሶፍትዌር፦ የተጠቃሚ ግምገማ

በሰው ሀብት ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ «ብዝኃነት ያለው የሰው ኃይል እንዲኖራችሁ እናግዛለን» የሚል የሽያጭ ጥሪ ሳይደርሰው አልቀረም። የሚሸጡት ሶፍትዌሮች ስማቸው ይለያይ እንጂ ጥቅሉ ተመሳሳይ ነው፦ የአመልካችን ስምና ፎቶግራፍ መሸፈን፣ የሥራ ማስታወቂያን ቃላት መመርመር፣ ለሁሉም እጩ አንድ ዓይነት የቃለ መጠይቅ ቅጽ ማዘጋጀት፣ እጩዎችን በአልጎሪዝም (በኮምፒውተር ስሌት) በደረጃ ማስቀመጥ፣ ውጤቱንም በየቡድኑ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ማቅረብ። የምሠራበት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ አንዱን በደንበኝነት ገዝቶ ሲጠቀምበት ቆይቷል። የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም፤ ምስጋናዬም ሆነ ቅሬታዬ በአብዛኛው የዚህ ዓይነት አገልግሎቶችን ሁሉ የሚመለከት ስለሆነ፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከየትኛውም ሻጭ ጋር ሲነጋገር ሊጠቀምበት ይችላል።

በሽያጭ ገለጻው ላይ ጎልቶ የሚቀርበው ስም መሸፈኑ ነው። የተነሣበት ችግር እውነተኛ መሆኑን መካድ አይቻልም። ማሪያን በርትራንድና ሴንዲል ሙላይናታን የተባሉት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በቺካጎ ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5,000 የሚጠጉ ለጥናቱ የተዘጋጁ ማመልከቻዎችን ልከው ነበር። በይዘት ከሚመጣጠኑት ማመልከቻዎች መካከል በነጮች ዘንድ የተለመዱ ስሞችን የያዙት፣ በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የተለመዱ ስሞችን ከያዙት ይልቅ 50 በመቶ ያህል የበለጠ ጥሪ አግኝተዋል። ስም ብቻውን ይህን ያህል የሚያርቅና የሚያቀርብ ከሆነ፣ እርሱን መሸፈን የመጀመሪያው መፍትሔ ሆኖ ቢታሰብ አያስደንቅም።

ሶፍትዌሩ ስምን፣ ፎቶግራፍን፣ ጾታንና የልደት ዘመንን በአግባቡ ይሸፍናል። አመልካቹ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ አባል የሆነበትን ማኅበርና ለልጅ እንክብካቤ የተቋረጠውን የሥራ ጊዜ ግን እንዳለ ይተወዋል፤ ከእነዚህ ተነሥቶ የአመልካቹን ማንነት መገመት ለአንድ ልምድ ላለው መልማይ አያስቸግረውም። ከዚህም የባሰ ውጤት ታይቷል። በፈረንሳይ ከመንግሥታዊው የሥራ አገናኝ ተቋም ጋር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ሙከራ እንዳመለከተው፣ በፈቃዳቸው የተሳተፉት ድርጅቶች ስም አልባ ማመልከቻ ሲቀርብላቸው ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለዱ እጩዎችን ለቃለ መጠይቅ የመጥራት ዕድላቸው ቀንሷል። ለመሳተፍ የፈቀዱት ድርጅቶች ቀድሞውንም ለእነዚህ እጩዎች በጎ አመለካከት ሳይኖራቸው አልቀረም፤ ስሙ ሲጠፋ ደግሞ በሥራ ታሪኩ ላይ የሚታየውን ክፍተት ከእጩው የኑሮ ሁኔታ ጋር አያይዞ የሚረዳ ሰው ሳይታጣ አልቀረም። እኔ ይህን አገልግሎት ብዙ ማመልከቻ በጥድፊያ በሚታይበት በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ እደግፈዋለሁ፤ ለብቻው ግን ገንዘብ የሚወጣበት ነገር ነው ብዬ አላምንም።

ማስታወቂያ መርማሪው ጠቃሚ ቢሆንም ትንሽ ነገር ነው። «ተፎካካሪ» ወይም «የበላይነት» በመሳሰሉ ቃላት የተሞላ ማስታወቂያ ሴቶችን ከሥራው እንደሚያርቅ ተመራማሪዋ ዳንዬል ጎሸርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 አሳይተዋል፤ ሶፍትዌሩም እንዲህ ያሉትን ቃላት እየለየ ያሳያል። ከቃላቱ ይልቅ የረዳን የመስፈርቶችን ብዛት እየቆጠረ «ይህ ለሥራው በእርግጥ ያስፈልጋል?» ብሎ መጠየቁ ነው፤ ያለ ምክንያት የተጻፈ የዲግሪና የመንጃ ፈቃድ መስፈርት የተሰረዘው በዚህ ጥያቄ ነው።

ያወጣነውን ገንዘብ የመለሰልን በገለጻው ላይ በሁለት ዐረፍተ ነገር የታለፈው የቃለ መጠይቅ ቅጽ ነው። ቅጹ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ለክፍት ቦታው የሚያስፈልጉትን ችሎታዎች፣ ለእያንዳንዱ ችሎታ የሚቀርበውን ጥያቄ፣ እንዲሁም ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ መልስ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ካልጻፈ ማስታወቂያው እንዲወጣ አይፈቅድም። ሁሉም እጩ አንድ ዓይነት ጥያቄ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይጠየቃል። ከሁሉ የላቀው ጥቅሙ ግን እያንዳንዱ የፈታኝ ቡድን አባል ነጥቡን ለየብቻ ሞልቶ እስኪያስገባ ድረስ የሌላውን ነጥብ ማየት አለመቻሉ ነው። ይህ ባልነበረበት ጊዜ እጩው ከክፍሉ እንደወጣ በማዕረግ ከፍ ያለው ሰው ይናገራል፤ ሌሎቹም አስተያየታቸውን ወደ እርሱ ያስጠጋሉ፤ «ከእኛ ጋር ይግባባል» ወይም «አልጣመኝም» የሚሉ ፍርዶችም ማስረጃ ሳይጠየቅባቸው ያልፋሉ። «ከእኛ ጋር ይግባባል» የሚባለው እጩ አብዛኛውን ጊዜ እኛን የሚመስል እጩ ነው። አሁን አንድ ሰው ለእጩ ዝቅተኛ ነጥብ ከሰጠ ነጥቡ ከየትኛው ጥያቄና ከየትኛው መልስ እንደመጣ ማሳየት አለበት፤ ውይይታችንም ስለ ሰውየው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ ስለ ሰጠው መልስ ሆኗል።

የምርምሩ ማስረጃም ይህንኑ ያጠናክራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀደሙ ጥናቶችን እንደገና መርምረው፣ በወጥ ጥያቄና በወጥ ነጥብ አሰጣጥ የሚካሄድ ቃለ መጠይቅ ከኋለኛው የሥራ አፈጻጸም ጋር ያለውን ዝምድና (0 ምንም ዝምድና አለመኖሩን፣ 1 ፍጹም ዝምድናን ያሳያል) 0.42 ሲያደርሱት ልማዳዊውን ነፃ ጭውውት 0.19 ላይ አስቀምጠውታል። ስለዚህ ቅጹን ለፍትሕ ሲባል ብቻ የተጫነ ሸክም አድርጎ የሚያይ ኃላፊ ተሳስቷል፤ ጥሩ ሠራተኛ መለየት የሚፈልግ ሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ቅጽ ነው። ዝግጅቱ ጊዜ ይወስዳል የሚለው የኃላፊዎቻችን ቅሬታ እውነት ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ቦታ ዳግም ሲከፈት ያው ቅጽ ስለሚያገለግል ድካሙ በአብዛኛው የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

በአልጎሪዝም ደረጃ የሚሰጠውን ክፍል ዘግተነዋል። ሻጩ «ካለፉት ስኬታማ ሠራተኞቻችሁ ይማራል» ብሎ ያቀረበልን ባሕርይ ራሱ የሚያሰጋን ነገር ነው፤ ትናንት የተቀጠሩት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሰዎች ከሆኑ ማሽኑ የሚማረው እነርሱን መምረጥ ነውና። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ያበለጸገው ተመሳሳይ መሣሪያ በ10 ዓመት ውስጥ የደረሱትን፣ በአመዛኙ ከወንዶች የመጡ ማመልከቻዎችን ተምሮ፣ «የሴቶች» የሚል ቃል የያዘን ማመልከቻ ዝቅ ያደርግ እንደነበርና ድርጅቱም እንደተወው ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2018 ዘግቧል። የኒው ዮርክ ከተማ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች በገለልተኛ ወገን እንዲመረመሩ በሕግ ስታስገድድ፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2024 ባጸደቀው ሕግ ለቅጥር የሚያገለግል ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ከፍተኛ ስጋት ካላቸው መካከል መድቦታል። አቅራቢያችን የገለልተኛ ምርመራ ውጤት እንዲያሳየን ስንጠይቀው የሰጠን የራሱን የማስታወቂያ ጽሑፍ ነበር።

የውጤት ሰንጠረዡ በበጎ ይነሣል። አመልካቾች ስለ ማንነታቸው በፈቃዳቸው የሚሞሉት መረጃ ለፈታኞች ፈጽሞ አይታይም፤ ድምሩ ብቻ ለሰው ሀብት ክፍል ይደርሳል። ሰንጠረዡ እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ የወጣውን የአራት አምስተኛ ስሌት ይጠቀማል፦ ከ100 ወንድ አመልካቾች 40 ካለፉና ከ50 ሴቶች 12 ካለፉ፣ የሴቶቹ የማለፍ መጠን 24 በመቶ፣ የወንዶቹ 40 በመቶ ነው፤ የመጀመሪያው የሁለተኛው 60 በመቶ ብቻ ስለሆነና ከ80 በመቶ ስለሚያንስ መስመሩ ቀይ ይሆናል። ቀይ መስመር አድልዎ ተፈጽሟል ማለት አይደለም፤ በአነስተኛ ቁጥር ላይም ሊያሳስት ይችላል። ይሁን እንጂ ሴቶቹ የቀሩት በማጣሪያው፣ በጽሑፍ ፈተናው ወይስ በቃለ መጠይቁ መሆኑን ለይቶ ስለሚያሳይ፣ የት ቦታ መመርመር እንዳለብን ይነግረናል።

ከሁሉ የከፋው ጉድለት ለአካል ጉዳተኞች አለመመቸቱ ነው፤ ከዓላማው ጋር የሚጋጭ በመሆኑም በቀላሉ የማልፈው አይደለም። ማየት የተሳነው አመልካች ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ የማያ ገጽ አንባቢ ሲጠቀም የቀን መምረጫው ሳጥን አይነበብለትም፤ የክህሎት ፈተናው በመዳፊት መጎተትን ስለሚጠይቅ በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ ሰው አያልፈውም፤ ቅጹ ደግሞ በተወሰነ ጊዜ ካልተሞላ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘጋል። እነዚህ ሁሉ በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በግልጽ የተሸፈኑ ጉዳዮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ወይም ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህል አድርጎ ይገምታል፤ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በ27ኛው አንቀጹ የመሥራት መብታቸውን ከነቅጥሩ ሂደት ይጠብቃል። አካታችነትን የሚሸጥ ምርት በሩን በእነዚህ ሰዎች ላይ ሲዘጋ በሰንጠረዡ ላይ እንኳ አይታዩም፤ ማመልከቻቸውን ጨርሰው ስላላስገቡ አልተቆጠሩምና።

አገልግሎቱ የቅጥር ውሉ በተፈረመ ዕለት ያበቃል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. የ1958ቱ 111ኛ ስምምነት ግን አድልዎን የሚከለክለው ሥራ በማግኘት ላይ ብቻ ሳይሆን በሥልጠናና በሥራ ሁኔታዎችም ላይ ነው። አዲስ የተቀጠረችው ባለሙያ ደመወዟ ከእኩያዋ ሲያንስ፣ ከስብሰባ ስትታለፍ፣ ዕድገት ሲዘገይባት ሶፍትዌሩ አያውቅም፤ «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» እንዲሉ፣ ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርገን የቀጠርነው ሰው ቢለቅ ወደ ጀመርንበት እንመለሳለን። ሻጩ ለዚህ ክፍተት ያቀረበው በተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ የግዴታ የቪዲዮ ሥልጠና ነው። የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪዎቹ ፍራንክ ዶቢንና አሌክሳንድራ ካሌቭ የብዙ ድርጅቶችን መረጃ መርምረው ያገኙት ግን የግዴታ ሥልጠና የአመራሩን ስብጥር እምብዛም እንደማይለውጥና አንዳንዴም ተቃውሞ እንደሚያስነሣ፣ አዲስ ሠራተኛን ከነባር አማካሪ ጋር ማገናኘት ግን የተሻለ ውጤት እንዳለው ነው። እኛም ሥልጠናውን ሳንገዛ አማካሪ መመደብን መርጠናል።

በዓመት ብዙ ሰው ለሚቀጥርና ፈታኞቹ ለበርካታ የሥራ ክፍሎች ለተበተኑ ተቋም ይህን ምርት እመክራለሁ፤ ጥቂት ሰው ብቻ ለሚቀጥር ድርጅት ግን የቃለ መጠይቁን ቅጽ በወረቀት አዘጋጅቶ ነጥቡን በታሸገ ፖስታ መሰብሰብ ያለ ምንም ክፍያ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጠዋል። እኛ ደንበኝነታችንን ያደስነው ደረጃ ሰጪውን ክፍል ከዋጋው አስቀንሰንና የተደራሽነት ጉድለቶቹ በውሉ በተገለጸው ጊዜ ካልታረሙ ያለ ቅጣት መውጣት የሚያስችለንን አንቀጽ አስገብተን ነው። እስከዚያው ማመልከቻ በኢሜይልና በስልክ እንደምንቀበል በእያንዳንዱ ማስታወቂያ የመጀመሪያ መስመር ላይ እንጽፋለን።