ሲጢጥ የሚል የሴራሚክ ወለል፦ ከሥር ማጠንከር፣ ነቅሎ መሥራት ወይስ ወደ ፕላስቲክ መቀየር?

ደሴ ላይ ቤት ሲሠራ ተዳፋቱ የራሱን ሕግ ያወጣል። የእናቴ ቤት ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ምሰሶ ላይ ነው። በምሰሶው በኩል ወለሉ ሞራሌ (ወለሉን የሚሸከም አግዳሚ እንጨት)፣ በላዩ ችፑድ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ሳንቃ)፣ በችፑዱ ላይ ደግሞ ሴራሚክ ነው። እናቴ ማለዳ ለሶላት ስትነሣ ወለሉ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅስ ነበር።

አዲስ ሴራሚክ ለመግዛት የቸኮላችሁ እባካችሁ ቆዩ። የሚጮኸው ሴራሚኩ አይደለም። ችፑዱ በሚስማር ብቻ ተመትቶ ከሆነ ሞራሌው እየደረቀ ሲሄድ ሚስማሩ ይላላል፤ በተረገጠ ቁጥር ችፑዱ ከሞራሌው ጋር ይፋተጋል። በሴራሚኮቹ መካከል ያለው ሙሌት የተሰነጠቀበት ቦታ እንቅስቃሴው ያለበትን ያሳያችኋል።

ከወለሉ ሥር ሰው መግባት ከቻለ ከዚያ ጀምሩ። አናጢው በሞራሌውና በችፑዱ መካከል የተከፈተውን ክፍተት ኮላ በተቀባ ስስ እንጨት ይሞላል፤ በሞራሌዎቹ መካከልም ማቋረጫ እንጨት ይመታል። አንድም ሴራሚክ አይሰበርም፤ ወጪውም ከሁሉም ያንሳል። ከላይ በመገጣጠሚያው በኩል በድሪል በስቶ ቪቴ (እየዞረ የሚገባ ጥርሳም ሚስማር) ማሰርን የሚመክር ሠራተኛ አለ፤ እኔ አልስማማም። ሴራሚኩ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ቀዳዳውም ውኃ ያስገባል።

ችፑዱ ውኃ ጠጥቶ ካበጠ ግን ከሥር መደገፍ ገንዘብ መጣል ነው። ያበጠ ችፑድ ቢደርቅም ወደ ቀድሞ ውፍረቱና ጥንካሬው አይመለስም። የእኛ ማእድ ቤት እንዲህ ስለነበር ነቀልነው። የተበላሸው ተቆርጦ ወጣ፤ አዲሱ ችፑድ በጠርዙ በየ15 ሳንቲ ሜትር፣ በመሀሉ በየ30 ሳንቲ ሜትር በቪቴ ታሰረ። በላዩ 15 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ (ስስ የእንጨት ንብርብሮች ተጣብቀው የተሠራ ሳንቃ) ተነጠፈ፤ የሁለቱ መገጣጠሚያዎች እንዳይገጥሙ አናጢው አፈራርቆ አስቀመጣቸው። ወለሉ ከፍ ስላለ በሩን ከታች መቁረጥ ግድ ሆነ። ሴራሚኩ የሚለጠፍበት ማጣበቂያ ላይ አደራ! ተራ የስሚንቶ ሙርታ ችፑድ ላይ አይሆንም፤ እርጥበቱ ያሳብጠዋል፣ ሲደርቅም ከእንጨቱ ጋር መተጣጠፍ ስለማይችል ይለቃል። በአሮጌው ሴራሚክ ላይ አዲስ መደረብም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሴራሚክ ብቻውን በካሬ ሜትር 20 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የደከመ ሞራሌ ይህን አይችልም።

ሦስተኛው ፕላስቲክ ንጣፍ ነው። ቀላል ነው፣ ከወለሉ ጋር ይተጣጠፋል። ችፑዱ አስቀድሞ በቪቴ ካልታሰረ ግን ሲጢጥታው ከሥሩ ይቀጥላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደሴ ለባዶ እግር ከሴራሚክ ይሞቃል፤ መኝታ ቤቱን በዚሁ አልብሰነዋል። ኮምቦልቻ ብኖር ግን ሴራሚክ እመርጥ ነበር፤ እዚያ በሙቀቱ ቅዝቃዜው ይፈለጋል። ቡና በሚፈላበት ክፍል ደግሞ ፕላስቲክ አታንጥፉ፤ አንዲት ፍም ብትወድቅ ጠባሳዋ አይለቅም።

ሳሎኑን ከሥር አጠንክረን ሴራሚኩን አተረፍነው። ለነቀላ የምትገዙ ከሆነ የማጣበቂያው ከረጢት ላይ ሲ2 (C2) እና ኤስ1 (S1) የሚል ምልክት ፈልጉ፤ ሲ2 ማለት የማጣበቅ አቅሙ የተሻሻለ፣ ኤስ1 ማለት የሚተጣጠፍ ማለት ነው። ኮምፔርሳቶውንም ከመጫናችሁ በፊት ጠርዙን እዩት፤ ንብርብሩ የተላቀቀ ከሆነ እዚያው ተዉት።